ገመድ መርከብ ላይ ሲወጣ ስሙ ይቀየራል

«ነፋሱ ሲበረታ ሺቱን ልቀቅ» የሚል ዓረፍተ ነገር ከአንድ የእንግሊዝኛ የጀልባ መመሪያ ላይ አገኘሁና «ነፋሱ ሲበረታ ሸራውን ልቀቅ» ብዬ ተረጎምኩት። ሺት ማለት አንሶላም ነው፣ የወረቀት ሉህም ነው፤ ጀልባ ላይ ደግሞ ሰፊና ስስ ነገር ከሸራው ሌላ ምን አለ? ስህተቴን ያየልኝ ጀልባ ነድቶ የሚያውቅ አንድ ወዳጄ ነው። «ሸራውን ከለቀቀው ታዲያ በምን ሊሄድ ነው?» አለኝ። ለካ ሺት ሸራ አይደለም፤ ሸራውን የሚገታው ገመድ ነው።

ከዚያ በኋላ የባሕር ገመዶችን ስም አንድ በአንድ አገላበጥኩ። ሃልያርድ፣ ሺት፣ ስቴይ፣ ሽራውድ፣ ብሬስ፣ ፔይንተር፣ ላንያርድ። መዝገበ ቃላት ሁሉንም «የገመድ ዓይነት» ብሎ ይገላገላቸዋል። ውሸት አይደለም፤ ግን በሬውንም ፈረሱንም ግመሉንም «እንስሳ» ብሎ እንደማለፍ ነው። የስሞቹ ውል የሚገኘው «ከምን ተሠራ?» የሚለውን ትቶ «ምን ይሠራል?» ብሎ በመጠየቅ ነው።

በእንግሊዝኛ ተናጋሪ መርከበኞች ልማድ ከመደብር የተገዛው ጥቅል «ሮፕ» ነው። ቆርጠው ሥራ ከሰጡት በኋላ «ላይን» ይሆናል፤ ቀጥሎም የሥራውን ስም ይይዛል። ስለዚህ ገመድ እንደ ሸረሪት ድር በተዘረጋበት መርከብ ላይ «ሮፕ» የሚባለው ጥቂት ነው፦ የደወሉ ገመድ፣ በሸራው ጠርዝ ዙሪያ የሚሰፋው ገመድ፣ መርከበኞች ሸራ ለመጠቅለል ወደ ላይ ሲወጡ የሚረግጡት የእግር ገመድ፣ ሌላም ጥቂት።

ይህ ለአማርኛ እንግዳ ነገር አይደለም። «ገመድ» የሚለው ቃል «ገመደ» ከሚለው ግሥ ስለወጣ የሚነግረን አሠራሩን ነው፤ ክሮች ከርረውና ተጠማዘው አንድ መሆናቸውን። «መጫኛ» ግን ሥራውን ይናገራል፤ «አውታር» ሲባል ደግሞ የተወጠረ ነገር ይታየናል። ፈረሰኛ ዛቡን «ገመዱን አቀብለኝ» ቢል ሰሚው ፈረስ አያውቅም ብሎ ይታዘበዋል። መርከበኛም እንዲሁ ነው።

የቆሙትና የሚሮጡት

የሸራ ጀልባ ገመዶች ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን አንዴ ተወጥሮ የሚቀረው ነው። ሥራው በመጽሐፍ አማርኛ ደቀል የሚባለውን የመርከብ ምሶሶ ቀጥ አድርጎ ማቆም ነው። ከፊትና ከኋላ የሚይዙት ስቴይ፣ ከግራና ከቀኝ የሚይዙት ሽራውድ ይባላሉ። ድንኳን ተክሎ የሚያውቅ ሰው ይህን ወገን ለመረዳት አይቸገርም፤ «አውታር» ብንለው ልክ ይገጥመዋል። ዛሬ አብዛኞቹ የብረት ሽቦ ሆነዋል፣ ስማቸው ግን የድሮው ነው። በአሮጌ መርከቦች ሥዕል ላይ ከምሶሶው ወደ ግራና ቀኝ የሚወርድ መሰላል የሚመስል መረብ አይታችሁ ከሆነ፣ ቋሚዎቹ ሽራውዶች ናቸው፤ አግድም የታሰሩት ቀጫጭኖች ራትላይን ይባላሉ። መርከበኛው እነሱን እየረገጠ ነው የሚወጣው።

ሁለተኛው ወገን ቀኑን ሙሉ ሲሳብና ሲለቀቅ የሚውለው ነው። ሃልያርድም ሺትም ከዚህ ወገን ናቸው።

የሁለቱ ወገን ገመድ ሲደመር ምን ያህል እንደሚሆን ለመገመት እ.ኤ.አ. በ1765 ውሃ የገባችውን ቪክቶሪ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ መጥቀስ ይበቃል፤ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ገመድ ነበረባት። ያን ጊዜ አንድ ወጥ ረጅም ገመድ ለመግመድ ክሮቹን በቀጥታ ዘርግቶ ማክረር ግድ ነበር። በእንግሊዝ አገር ቻተም በሚባል ቦታ ያለው የገመድ መሥሪያ ቤት ርዝመቱ 346 ሜትር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ እስከ ዛሬም ገመድ ይገመድበታል። ገመድ ውድ ስለነበር ሌባውም ብዙ ነበር። የባሕር ኃይሉ መላ ዘየደ፦ ገመዱ ሲገመድ ውስጡ አንድ ባለ ቀለም ክር ይገባል። ያ ክር ያለበት ገመድ ሌላ ሰው እጅ ከተገኘ ማስተባበያ የለውም። ክሩን «የሌባ ክር» በሚመስል ስም ነበር የሚጠሩት።

ሃልያርድ፦ የሚሰቅለው

ሃልያርድ ሸራን ወይም ሰንደቅን ወደ ላይ የሚያወጣ ገመድ ነው። በቀድሞው እንግሊዝኛ «ሃልየር» ይባል ነበር፤ «ጎታች» እንደማለት ነው። ሸራው የሚንጠለጠልበት አግዳሚ እንጨት «ያርድ» ይባላል፤ ገመዱም የሚጎትተው ያንኑ ያርድ ስለነበር የቃሉ ጫፍ ቀስ በቀስ ወደ እንጨቱ ስም ተሳበ። እኔ በአማርኛ «መስቀያ ገመድ» ብለው እመርጣለሁ። ሰንደቅ ዓላማ ተሰቀለ ነው የምንለውና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ገመዱ ከታች ተነሥቶ ምሶሶው አናት ላይ ባለች ፑሊ ያልፍና ተመልሶ ይወርዳል። አንዱ ጫፍ ሸራው ላይ ይታሰራል፤ ሌላውን ወደ ታች ሲስቡት ሸራው ወደ ላይ ይሄዳል። አንዲት ፑሊ ክብደት እንደምትቀንስ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። አትቀንስም። 20 ኪሎ ሸራ ለማውጣት የ20 ኪሎ ጉልበት ያስፈልጋል፤ እንዲያውም ፍትጊያው ትንሽ ይጨምርበታል። ትርፉ አቅጣጫው መቀየሩ ነው፤ ሰውየው ምሶሶ ሳይወጣ፣ ወለሉ ላይ ቆሞ፣ የገላውን ክብደት አጋዥ አድርጎ ይስባል።

የሃልያርድ ትልቁ ጠላት መለጠጥ ነው። 10 ሜትር ገመድ 2 በመቶ ብቻ ቢለጠጥ 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሸራው በዚያው ልክ ይወርዳል፣ ጠርዙ ይሸበሸባል፣ ጀልባው ፍጥነት ያጣል። ስለዚህ ናይለን ለዚህ ሥራ አይታጭም፤ ፖሊስተር ወይም ዳይኒማን የመሰለ እምብዛም የማይለጠጥ ገመድ ይመረጣል። የናይለን ቦታው መልህቅ ላይ ነው። እዚያ መለጠጡ ጸጋ ይሆናል፤ ማዕበል ጀልባውን በነቀነቀ ቁጥር ገመዱ እየተሳበ ድንጋጤውን ይውጠዋል። ያው አንድ ባሕርይ አንዱ ቦታ ነውር፣ ሌላው ቦታ ሙያ ነው።

ሺት፦ የሚገታው

አሁን ወደ ተሳሳትኩበት ቃል ልመለስ። ሺት በጥንታዊው እንግሊዝኛ የሸራውን የታችኛ ማዕዘን ከሚያመለክት ቃል የመጣ ነው። ከማዕዘኑ ስሙ ወደ ማዕዘኑ ገመድ ተላለፈ፤ ከዚያ በኋላ ማዕዘኑ ሌላ ስም አገኘ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም ራሳቸው እዚህ ላይ ይደናገራሉ፤ ስለዚህ ብዙም አላፈርኩም።

ሺት የሚሠራው እንደ ዛብ ነው። ሃልያርዱ ሸራውን ሰቅሎ ሥራውን ሲጨርስ ይታሰርና ይረሳል። ሺቱ ግን ከእጅ አይጠፋም። ሲስቡት ሸራው ወደ ጀልባው መሐል ይጠጋል፤ ሲያላሉት ወደ ውጭ ይከፈታል። ከልክ በላይ ከላላ ሸራው እንደ ተሰጣ ልብስ ይርገበገባል፣ ጀልባው አይሄድም። ከልክ በላይ ከተሳበ ነፋሱ በሸራው ላይ በወጉ መፍሰሱ ይቀርና ጀልባውን ከመግፋት ይልቅ ያጋድለዋል። ትክክለኛው ቦታ የሚገኘው እንዲህ ነው፦ የሸራው የፊት ጠርዝ መንቀጥቀጥ እስኪጀምር ያላሉታል፣ ከዚያ መንቀጥቀጡ እስኪቆም ብቻ ይስቡታል። ነፋሱ በተለወጠ ቁጥር እንደገና።

ድንገተኛ ነፋስ መትቶ ጀልባው ሲጋደል የሚለቀቀው ሺቱ ነው። ያን ጊዜ ሸራው ይከፈትና ነፋሱ ያመልጣል፣ ጀልባው ቀጥ ይላል። በዚያች ቅጽበት «ገመዱን ልቀቅ!» ተብሎ ሃልያርዱ ቢለቀቅ ሸራው ከነእንጨቱ ተሳፋሪው ራስ ላይ ሊወርድ ይችላል። «ያን ገመድ፣ አይ እሱን አይደለም፣ ያንኛውን» እየተባባሉ መርከብ አይነዳም። ስሞቹ የበዙት ለዚህ ነው። በእንግሊዝኛ የሰከረን ሰው «ሦስት ሺት ነፋስ ላይ» ይሉታል፤ ገመዶቹ አምልጠው ሸራው እንዳሻው የሚውለበለብበት፣ ጀልባውም የሚንገዳገድበት መሆኑን ካላወቁ አንሶላ ለብሶ የሚሄድ ሰው ነው የሚታየው።

አራት ማዕዘን ሸራ ያላቸው ትልልቅ መርከቦች ላይ ሌሎችም አሉ። ብሬስ ሸራው የተንጠለጠለበትን ያርድ ወደ ግራና ቀኝ ያዞራል። ሸራውን ወደ ላይ ሰብስበው የሚጠቀልሉት ደግሞ ክሉላይንና በንትላይን ናቸው። እነዚህን እዚህ ላይ ልለፋቸው፤ መርሁ አንድ ነው።

የአማርኛ አንባቢ ይህን ሁሉ ሳያስተውል አንብቦታል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 የገመድ ምዕራፍ ነው ማለት ይቻላል። ማዕበሉ ሲበረታ መርከበኞቹ መርከቡን ዙሪያውን በገመድ ያስራሉ፤ እንጨቱ እንዳይላቀቅ ነው፣ የድሮ መርከበኞች የታወቀ ዘዴ። በኋላ ወታደሮቹ የትንሿን ጀልባ ገመድ ቆርጠው ይለቋታል። በመጨረሻም መልሕቆቹን ባሕር ውስጥ ትተው፣ የመሪውን ማሰሪያ ፈትተው፣ የፊቱን ሸራ ለነፋስ ከፍ አድርገው ወደ ዳርቻው ይነዳሉ። ያ የመጨረሻው ሸራ ወደ ላይ የወጣው በምን ይመስላችኋል? በሃልያርድ ነው፤ ጸሐፊው ስሙን መጥራት አላስፈለገውም እንጂ።

ወደብ ላይ የሚያስሩት

እዚህ ረጅም ነገር የለም። ትንሽ ጀልባ አፍንጫዋ ላይ የሚታሰረው ገመድ ፔይንተር ይባላል፤ ቃሉ ከቀለም ቀቢው ጋር በፊደል ቢመሳሰልም ዝምድና የለውም። ትልቅ መርከብ ከፊትና ከኋላ ይታሰራል፤ ከዚህ ሌላ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት በሰያፍ የሚታሰሩ ስፕሪንግ የሚባሉ ገመዶች አሉት። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም፦ መርከብ የያዘ የተወጠረ ሠራሽ ገመድ ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ተስፈንጥሮ ይመለሳል፤ ሰው ይገድላል። ወደብ ላይ የተወጠረ ገመድ አጠገብ፣ በተለይ በተወጠረበት መስመር ላይ፣ አትቁሙ።

ሰንደቁ ላይ

ሰንደቅ ዓላማ የሚሰቀልበት ገመድም ያው ሃልያርድ ነው። ምሶሶው፣ አናቱ ላይ ያለችው ፑሊ፣ ተመልሶ የሚወርደው ገመድ፣ ሁሉም ከመርከብ ወደ የብስ የመጣ ነው፤ ሸራው በጨርቁ ተተካ እንጂ። ልዩነቱ እዚህ ገመዱ መዞሩ ነው፤ ጨርቁ ከላይም ከታችም ስለሚታሰር አንዱን ወገን ሲስቡ ይወጣል፣ ሌላውን ሲስቡ ይወርዳል። ስለዚህ የገመዱ ርዝመት የምሶሶውን እጥፍ ያህል መሆን አለበት። አንዱ ጫፍ ከእጅ አምልጦ ወደ ላይ ከሄደ መሰላል ወይም ምሶሶ የሚወጣ ሰው መፈለግ ነው። ሰው ሲሰቅል ሁለቱንም ወገን በሁለት እጁ የሚይዘው ለዚህ ነው።

ጨርቁ ተገልብጦ እንዳይሰቀል የተበጀ ብልሃትም አለ። በብዙ ሰንደቆች ላይ በላይኛው ጫፍ እንደ ቁልፍ የምትገባ ትንሽ የእንጨት ዘንግ አለች፤ በታችኛው ጫፍ ደግሞ ጭራ ገመድ ወይም ቀለበት። ሃልያርዱ ላይ ያለው አቻ በተቃራኒው ስለሆነ፣ ልብ ያላለ ሰው እንኳ ገልብጦ ለማሰር ይቸገራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ኢንግልፊልድ የተባለ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መኮንን ሁለት ክፍት ቀለበቶች እርስ በርስ ተጠላልፈው በቅጽበት የሚቆላለፉበትን የብረት መያዣ ሠራ። በስሙ ኢንግልፊልድ ክሊፕ ይባላል፤ ዛሬም በመርከቦች ላይ ይሠራበታል።

ቅልጥፍናው ያስፈለገው ሰንደቅ በባሕር ላይ ጌጥ ብቻ ስላልሆነ ነው፤ ፊደልም ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1805 በትራፋልጋር ጦርነት ዋዜማ ሰዓት ላይ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች አዛዥ ኔልሰን ለመርከቦቹ ሁሉ «እንግሊዝ እያንዳንዱ ሰው ግዴታውን እንደሚፈጽም ትተማመናለች» የሚል መልእክት ይተላለፍ አለ። የምልክት መኮንኑ ፓስኮ «ትተማመናለች» ለየቃሉ የሰንደቅ ምልክት በሚሰጠው የኮድ መጽሐፍ ውስጥ ስለሌለ በፊደል በፊደል መለቀም እንዳለበት ነገረውና «ትጠብቃለች» በሚለው ይተካ ዘንድ ጠየቀ፤ ይህኛው ቃል በአንድ ስቅላት፣ ማለትም በአንድ ጊዜ አብረው በሚሰቀሉ ሰንደቆች፣ ይወጣልና። ኔልሰን ፈቀደ። «ግዴታ» የሚለው ግን መጽሐፉ ውስጥ ስላልነበረ አራት ጊዜ ተሰቅሎ ተወረደ። መልእክቱ በ12 ስቅላት በ31 ሰንደቅ ተጠናቀቀ። ዝነኛው ዓረፍተ ነገር ቃሉን ያገኘው ከገመድ ድካም ነው።

የሐዘን ጊዜ ሰንደቅ ዝቅ ብሎ ሲውለበለብ መጀመሪያ እስከ አናት ወጥቶ ነው የሚወርደው። ሊወርድ ሲልም እንደገና እስከ አናት ይወጣል። ግማሽ ላይ ማቆም ሙሉውን ክብር ከሰጡት በኋላ የሚደረግ ዝቅታ ስለሆነ ነው። በአጠቃላይ ሥርዓቱ ሲወጣ ፈጠን፣ ሲወርድ ዝግ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ገመዱ ምሶሶው ላይ ባለች ሁለት ቀንድ ያላት ክሊት በምትባል መያዣ ላይ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ይጠመጠማል። ብዙ ሰው አምስት ስድስት ጊዜ ጠምጥሞ ላዩ ላይ ቋጠሮ ይደራርብበታል። አያስፈልግም፤ ይህን ያህል ጥንቃቄ ጉዳቱ ሲፈቱት ነው የሚታየው። ገመድ በተጠመጠመ ቁጥር የመያዝ አቅሙ አይደመርም፣ ይባዛል። መካከለኛ ፍትጊያ ባለበት ክብ ዘንግ ላይ አንድ ዙር ጉልበትን ወደ አምስት እጥፍ ያህል ያበዛል፤ ሁለት ዙር ከሃያ እጥፍ በላይ፤ ሦስት ዙር ከመቶ እጥፍ በላይ። ማለትም በሦስት ዙር 100 ኪሎ የሚጎትትን ነገር ከአንድ ኪሎ ባነሰ ጉልበት በሁለት ጣት መያዝ ይቻላል። ክሊት የምትሠራውም በዚሁ መርህ ነው፤ ሁለት ሦስት ስምንት ቁጥር ይበቃታል።

ሌሊት የብረት ምሶሶ አጠገብ የተኛ ሰው ደግሞ ሃልያርድን በድምፁ ያውቀዋል። ያልተወጠረ ገመድ በነፋስ ባዶ ቱቦ ላይ ሲመታ ጢንግ ጢንግ እያለ እስኪነጋ ያድራል። መድኃኒቱ ገመዱን ወጥሮ ከምሶሶው ራቅ አድርጎ ማሰር ነው፤ በአዳዲሶቹ ምሶሶዎች ደግሞ ገመዱ በቱቦው ውስጥ ስለሚያልፍ ቢያንስ ሌባ አይነካውም።

ባሕሩን ትተው የወጡት ቃላት

ጥቂቶቹ የብስ ላይ ወጥተው ማን እንደነበሩ ተረስቷል። መታወቂያ አንገት ላይ የምናንጠለጥልበት ማንገቻ ላንያርድ ይባላል፤ መርከብ ላይ አንድን ነገር እንዳይወድቅ የሚያስሩበት አጭር ገመድ ነበር። ኬብል ከኤሌክትሪክ በፊት መልህቅ የሚይዝ ወፍራም ገመድ ነበር፤ እንዲያውም የባሕር ርቀት መለኪያ ሆኖ የባሕር ማይል አንድ አሥረኛ ማለት ነው። የመርከብና የአውሮፕላን ፍጥነት በ«ኖት»፣ ማለትም በቋጠሮ የሚነገረውም ከገመድ የተነሣ ነው። በየ14.4 ሜትር ገደማ ቋጠሮ ያለበት ገመድ ጫፉ ላይ እንጨት ታስሮ ወደ ውሃው ይጣላል፤ የ28 ሴኮንድ የአሸዋ ሰዓት እስኪያልቅ ከእጅ ያመለጡት ቋጠሮዎች ይቆጠራሉ። አምስት ቋጠሮ ካለፈ መርከቡ በሰዓት አምስት የባሕር ማይል ይሄዳል። ስሌቱ ዛሬ አንድ ኖት ከምንለው 1.852 ኪሎ ሜትር በሰዓት ጋር ሊለይ እስከማይችል ድረስ ይቀራረባል። «ጃንክ» የሚለው የቆሻሻ ስም እንኳ መነሻው አሮጌ የመርከብ ገመድ ነው። አሮጌው ገመድም በከንቱ አይጣልም ነበር፤ ተፈትቶ ቃጫው በሳንቃዎቹ መካከል ይወተፍና ውሃ እንዳይገባ ያደርጋል።

እጅግ ያረጀ ገመድ ላየ ሰው ግን ስሙ የሚገድደው አይመስለኝም። በግብፅ የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ዋዲ ጋዋሲስ በሚባል ቦታ፣ ካትሪን ባርድና ሮዶልፎ ፋቶቪች የተባሉ የሥነ ቁፋሮ ምሁራን በዚህ ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ዋሻዎች አገኙ። ፑንት ወደምትባል የጥንት አገር ይመላለሱ የነበሩ የፈርዖን መርከበኞች የመርከቦቻቸውን ሳንቃና መልህቅ ያኖሩባቸው ዋሻዎች ናቸው። በአንደኛው ውስጥ ከ3,700 ዓመት በላይ የሆናቸው ገመዶች፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ተጠቅልለው፣ መሐላቸው በራሳቸው ጫፍ ተጠምጥሞ ታስሮ፣ ረድፍ ይዘው ተገኙ። ለሚቀጥለው ጉዞ የተዘጋጁ ነበሩ፤ የሚፈታቸው ግን አልመጣም።